ትእዛዙ በማን በኩል ያልፋል? የጓቴማላ መከላከያ ሚኒስቴር እና የተመረጡ መንግሥታት

እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማርች 1963 የጓቴማላው ፕሬዚዳንት ሚጌል ይዲጎራስ ፉዌንቴስ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። ያወረዷቸው የገዛ መከላከያ ሚኒስትራቸው ኮሎኔል ኤንሪኬ ፔራልታ አሱርዲያ ናቸው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 8 ቀን 1983፣ ያው ነገር ተደገመ። ጄኔራል ኤፍራይን ሪዮስ ሞንትን ገልብጠው ወንበሩን የያዙት መከላከያ ሚኒስትራቸው ጄኔራል ኦስካር ሜሂያ ቪክቶሬስ ነበሩ።

በእነዚህ በሁለቱ መሀል ከተደረጉት ምርጫዎች ሦስቱን ተመልከቱ። በ1974፣ በ1978 እና በ1982 አሸናፊ ተብለው የታወጁት ሦስቱም ሰዎች ጄኔራሎች ነበሩ። ሦስቱም ቀደም ብሎ መከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል፦ ሼል ላውገሩድ፣ ሮሜዮ ሉካስ ጋርሲያ፣ አኒባል ጌቫራ። የመጨረሻው ሰው ወንበሩ ላይ ለመቀመጥም አልታደሉም። ምርጫው ተጭበርብሯል የሚለው ጩኸት ሳይበርድ ማርች 23 ቀን 1982 ወጣት መኮንኖች ተነሱና ሪዮስ ሞንትን አመጡ።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የመከላከያ ሚኒስቴር ማለት ለመንግሥት የሚሠራ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስወጣ ደረጃ ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ደረጃ እንዴት እንደተሠራ፣ ሊያፈርሱት ሲሞክሩ ምን እንደተፈጠረና ምን እንደቀረ ነው።

ስለ አንድ አገር መከላከያ ስናወራ ብዙ ጊዜ ወታደር እንቆጥራለን። ታንክ ስንት ነው፣ አውሮፕላን ስንት ነው እንላለን። በመካከለኛው አሜሪካ ይህ ቆጠራ ብዙም አይነግራችሁም። እዚያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የተመረጠው ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲሰጥ ትእዛዙ በማን በኩል ያልፋል? ያ ሰውስ የሚወግነው ከመረጠው ሕዝብ ጋር ነው ወይስ ከጦር ሰፈሩ ጋር? የአንድ መከላከያ ሚኒስቴር ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወረቀት ላይ የሚኒስቴሩ ሥራ እንደማንኛውም አገር ነው። በጀት ያዘጋጃል፣ ግዢ ይፈጽማል፣ ምልመላውን፣ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶቹንና ሆስፒታሉን ያስተዳድራል፣ የማዕረግ እድገት ዝርዝር ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። በጓቴማላ ግን ጦሩ ከዚህም ያለፈ ነገር ነበረው። የራሱ ባንክ ነበረው። የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው። የራሱ ባንክና የራሱ ጣቢያ ያለው ተቋም ደግሞ ለማንም ጆሮ አይሰጥም።

የችግሩን ሥር ለማየት ወደ 1945 እንመለስ። አምባገነኑ ሆርሄ ኡቢኮ ከወረዱ በኋላ መምህሩ ሁዋን ሆሴ አሬቫሎ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ጦሩን ለሁለት ሰዎች አካፈለው። አንዱ በምክር ቤት የሚሾም የጦር ኃይሎች አዛዥ ሲሆን ቦታውን ፍራንሲስኮ አራና ያዙት። ሌላው መከላከያ ሚኒስትሩ ሲሆን እሳቸውም ሃኮቦ አርቤንስ ነበሩ። ሁለቱም አምባገነኑን ሥርዓት አብረው የጣሉ መኮንኖች ናቸው። አንድ ጦር በሁለት አለቃ ብዙ አልቆየም። በጁላይ 1949 አራናን ሊይዙ በሄዱ ሰዎችና በአራና አጃቢዎች መሀል ተኩስ ተነሳ፤ አራና ሞቱ። አርቤንስ ተመርጠው በ1951 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጁን 1954 በአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተደገፈ ትንሽ ኃይል ድንበር ተሻግሮ ሲገባ ግን፣ አርቤንስ ያሳደጉት ጦር ከድቷቸው ቆመ። ዛካፓ ላይ የተሰለፉት መኮንኖች አንዋጋም፣ ሥልጣንዎን ይልቀቁ አሏቸው። እሳቸውም ለቀቁ።

ይህን የማነሳው ስለ አሜሪካ እጅ ለማውራት አይደለም፤ እጁ እንደነበረ የታወቀ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ለዓመታት መከላከያ ሚኒስትር የነበረ ሰው ፕሬዚዳንት ሲሆን እንኳ ትእዛዙ እታች አለመድረሱ ነው።

ከ1960 እስከ 1996 ጓቴማላ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ኖረች። 36 ዓመት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የእውነት ኮሚሽን በ1999 ባወጣው ሪፖርት ከ200,000 በላይ ሰው እንደተገደለ ወይም እንደተሰወረ ገምቷል። ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች 83 በመቶው የማያ ነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። ከተመዘገቡት ጥሰቶች 93 በመቶውን የፈጸሙት የመንግሥት ኃይሎችና አብረዋቸው የታጠቁ ቡድኖች ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡባቸው እለምናችኋለሁ። በጦርነቱ ሁሉ መሀል መከላከያ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። በጀት ይጸድቅለት ነበር። ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። የተደረገውም ሥርዓት ጠፍቶ አይደለም፤ በዕቅድ፣ በመዝገብና በማህተም ነው የተደረገው።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት በ1985 ወጥቶ በጃንዋሪ 1986 ሥራ ላይ ዋለ። ጸሐፊዎቹ ያንን ደረጃ ለማፍረስ አንድ ጥሩ ነገር አድርገዋል። አንቀጽ 186 መፈንቅለ መንግሥት የመራ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ይከለክላል። በሥራ ላይ ያለ ወታደርም ለመወዳደር ምርጫው ከመጠራቱ ቢያንስ አምስት ዓመት አስቀድሞ ጦሩን መልቀቅ አለበት። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ከላይ የጠራኋቸውን ሰዎች እያሰቡ ነው፤ ለእኔ ጥርጥር የለውም።

አንድ ሌላ አንቀጽ ግን እንዳለ ቀረ። አንቀጽ 246 ፕሬዚዳንቱ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ናቸው ይላል። ትእዛዛቸውን የሚያስተላልፉት ግን መከላከያ ሚኒስትር በሆነው ጄኔራል ወይም ኮሎኔል፣ ወይም በባሕር ኃይሉ ተመጣጣኝ ማዕረግ ባለው መኮንን በኩል ነው። ሚኒስትሩ የግድ መኮንን ነው ማለት ነው። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የምታስታውሱ ካላችሁ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ መከላከያ ሚኒስትር የሚሾመው ሲቪል ይሁን ይላል። በጓቴማላ ሲቪል ሰው በዚያ ቦታ እንዲቀመጥ ሕጉ ራሱ አይፈቅድም። አንቀጽ 244 ደግሞ ለጦሩ የውጭውን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ጸጥታ ሰጥቶታል።

በዚህ ሕግ ሥር የተመረጡት የመጀመሪያው ሲቪል ፕሬዚዳንት ቪኒሲዮ ሴሬሶ በወንበራቸው ላይ የቆዩት በመከላከያ ሚኒስትራቸው በሄክቶር ግራማሆ ትከሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሜይ 1988 እና በሜይ 1989 የተነሱባቸውን መኮንኖች ያስቆሙት ግራማሆ ናቸው። ይህ ሐቅ ነው፤ ሊመሰገኑበትም ይገባል። ሌላ ሐቅም አለ። በ1995 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በቦስተን፣ እኚሁ ሰው ያዘዙት ጦር በጓቴማላ ሲቪሎች ላይ ለፈጸመው ግፍ ተጠያቂ አደረጋቸውና 47.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። የተመረጠን መንግሥት ያዳነውና በገጠር ደም የፈሰሰበት እጅ አንድ ሰው ላይ ነው። ይህን ሁለትነት ወደ ጎን ትቶ የጓቴማላን ሚኒስቴር መረዳት አይቻልም። ዴሞክራሲው የቆመው በአንድ መኮንን በጎ ፈቃድ ላይ ከሆነ፣ ቀጣዩ መኮንን ሐሳቡን ሲቀይርስ?

መልሱ የመጣው በ1993 ነው፤ እሱም ከጠበቅነው የተሻለ ነበር። ሜይ 25 ቀን ፕሬዚዳንት ሆርሄ ሴራኖ ምክር ቤቱን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱንና የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን በትነናል ብለው አወጁ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን አልተበተነም። ዳኞቹ በዚያው ቀን ተሰብስበው የፕሬዚዳንቱ ድርጊት ዋጋ የለውም ብለው ወሰኑ። ከቀናት በኋላም ውሳኔው እንዲፈጸም የአገር ውስጥና የመከላከያ ሚኒስቴሮች እንዲያግዙ ጠየቁ። ጠመንጃ የሌላቸው ዳኞች ጠመንጃ ላለው መሥሪያ ቤት ሕጉን አስከብር ብለው ጻፉ! ሕዝቡ፣ ነጋዴው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የማያ ድርጅቶች ከፍርድ ቤቱ ጎን ቆሙ። የጦሩ አመራር መጀመሪያ ያመነታ ነበር፤ በመጨረሻ ከፕሬዚዳንቱ እጁን አነሳ። ሴራኖ አገር ጥለው ወጡ፤ ጁን 5 ቀን የሰብአዊ መብት እንባ ጠባቂ የነበሩት ራሚሮ ዴ ሌዮን ካርፒዮ በምክር ቤቱ ተመረጡ።

የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የመሩት ዳኛ ኤፓሚኖንዳስ ጎንሳሌስ ዱቦን ናቸው። በኤፕሪል 1994 በጥይት ተገደሉ። ስማቸውን ስጠራ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። በእኔ አስተያየት፣ በጓቴማላ ታሪክ ውስጥ መከላከያ ሚኒስቴሩ በትክክል ሥራውን የሠራበት ቀን ካለ፣ እኚህ ሰው ደብዳቤ የጻፉለት ሰሞን ነው።

ከዚያ ሰላሙ መጣ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1996 በሜክሲኮ ከተማ መንግሥትና በእርስ በርስ ጦርነቱ ሲወጉት የነበሩት ታጣቂዎች ስለ ሲቪል ሥልጣን መጠናከርና ስለ ጦሩ ሚና አንድ ስምምነት ፈረሙ። ጥቅሉ የሰላም ውል በዲሴምበር 29 ተፈረመ። የሴፕቴምበሩ ስምምነት ጦሩ ሥራው ዳር ድንበር መጠበቅ ብቻ ይሁን አለ። ሲቪል ሰው መከላከያ ሚኒስትር መሆን ይቻል አለ። የጦሩ ቁጥር በሲሶ ይቀንስ አለ። የፕሬዚዳንቱ ወታደራዊ ጽሕፈት ቤት የሚባለው ክፍል ይፍረስ አለ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም በሚኒስቴሩ ጎን የሚያልፍ ሁለተኛ የትእዛዝ መንገድ ነበር። ሥራው ፕሬዚዳንቱንና ቤተሰባቸውን መጠበቅ ነው ይባል ነበር። እውነታው የስለላና የአፈና ማዕከል መሆኑ ነው። በተፈናቃዮች ላይ ጥናት ታደርግ የነበረችው አንትሮፖሎጂስት ሚርና ማክ በሴፕቴምበር 1990 በስለት ተወግታ ስትገደል፣ ገዳዩ የዚያ ጽሕፈት ቤት ሳጅን ነበር። ጳጳሱ ሁዋን ሄራርዲ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ጦርነቱ ያጠናቀረችውን ሪፖርት ይፋ ባደረጉ በሁለተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1998፣ ሲገደሉም በ2001 ከተፈረደባቸው መሀል የዚያ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ የፈረሰው በ2003 ነው። ከስምምነቱ ሰባት ዓመት ቆይቶ!

የጦሩ ቁጥርም ቀነሰ፤ በ2004 ወደ 15,500 ገደማ ወረደ። ሕገ መንግሥቱን መቀየር ግን ሕዝበ ውሳኔ ይፈልጋል። ሜይ 16 ቀን 1999 ሃምሳ ያህል ማሻሻያዎች በአራት ጥያቄ ታጭቀው ለሕዝብ ቀረቡ። ስለ ነባር ሕዝቦች መብት፣ ስለ ምክር ቤት፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ጦሩ፤ ሁሉም በአንድ ቀን። ከመራጩ አምስተኛው እንኳ ድምፅ ለመስጠት አልወጣም። ከወጡት አብዛኞቹ አይሆንም አሉ። በደጋው የማያ አካባቢዎች ብዙዎቹ ይሁን ሲሉ፣ ዋና ከተማዋ አይሁን አለች። በጦሩ እጅ ብዙ ሰው የሞተበት ሕዝብ ይለወጥ አለ፤ ብዙም ያልደረሰበት ይቆይ አለ። በዚህ ውጤት አንቀጽ 244ም 246ም እንዳሉ ቀሩ።

እኔ እንደምለው የዚያ ቀን ሽንፈት የመራጩ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሃምሳ ነገር በአራት ወረቀት የጠቀለለው ምክር ቤትም ይጠየቅበታል። የጦሩ ጥያቄ ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ ሰው ቢያንስ ምን እንደተጠየቀ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚኒስቴሩ ምን ይሠራል? ዳር ድንበሩን በተመለከተ ትልቁ ጉዳይ ከቤሊዝ ጋር ያለው ክርክር ነው። እሱ በ2018 እና በ2019 በሁለቱም አገሮች ሕዝበ ውሳኔ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሄግ ሄዷል። ስለዚህ ወታደሩ የሚውለው አገር ውስጥ ነው። የአደጋ መከላከል ብሔራዊ ምክር ቤቱን በሕግ የሚያስተባብረው መከላከያ ሚኒስትሩ ነው። ጁን 3 ቀን 2018 የፉዌጎ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መንደር ሲቀበር ወታደሮች አመድ እየቆፈሩ ሰው ይፈልጉ ነበር። ይህን ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

አስቸጋሪው ፖሊስ መሆናቸው ነው። በ2000 የወጣ ሕግ ጦሩ ፖሊስን እንዲያግዝ ፈቀደ። ወንጀል በርክቶ ስለነበር ሕዝቡም አልጠላውም። ኦክቶበር 4 ቀን 2012 ግን የቶቶኒካፓን ነዋሪዎች በመብራት ዋጋና በሌሎች ጥያቄዎች መንገድ ዘግተው ሲሰለፉ፣ ፖሊስን ሊያግዙ የተላኩ ወታደሮች ተኮሱ። ቢያንስ ስድስት ሰው ሞተ። ከሰላሙ ስምምነት በኋላ ወታደር በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰልፈኛ ተኩሶ ሲገድል የመጀመሪያው ነው። አንድ ኮሎኔልና ስምንት ወታደሮች ተከሰሱ። በሚኒስቴሩ ውስጥ ያንን ሠራዊት ያለ ሥልጠና ወደ ሰልፍ ለመላክ የፈረመው ማነው የሚለው ጥያቄ ግን ከወታደሮቹ በላይ መውጣት ነበረበት።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ። ወደ መዝገቡ። በሪዮስ ሞንት ዘመን በኢሺል ማያዎች ላይ የተካሄደውን ዘመቻ የሚመረምር ፍርድ ቤት የጦሩን ዕቅዶች ከሚኒስቴሩ ጠየቀ። "ሶፊያ" የተባለው ዕቅድ እኛ ዘንድ የለም የሚል መልስ መጣ። በ2009 መጨረሻ ግን የዕቅዱ ቅጂ በዋሺንግተን ባሉ ተመራማሪዎች እጅ ተገኝቶ ለፍርድ ቤት ቀረበ። ሪዮስ ሞንት በሜይ 2013 በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል 80 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከአሥር ቀን በኋላ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። በ2018 አዲሱ የፍርድ ሂደት ሳያልቅ ሞቱ።

በኮባን ከተማ ያለው የጦር ሰፈር ደግሞ የሰላም አስከባሪዎች ማሠልጠኛ ሆኗል። ከ2012 ጀምሮ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ግቢውን ሲቆፍሩ ከ500 በላይ ሰዎችን አጽም አወጡ። ሕፃናትም አሉበት። እነዚህን ሰዎች ማን እንዳመጣቸው፣ ማን እንደፈረመ፣ ማን ተረኛ እንደነበር የሚያውቅ መዝገብ ካለ ያለው በሚኒስቴሩ ሥር ነው። ለአንድ እናት ልጇ የት እንደተቀበረ መንገር ለአንድ መንግሥት ምን ያስከፍለዋል? ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሲቪል ሚኒስትር ቢሾም ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብላችሁ እንዳትወጡ ጎረቤቷን ሆንዱራስን ልጥቀስ። እዚያ ለ40 ዓመት ገደማ የጦሩ አዛዥ በምክር ቤት ይመረጥ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ጦሩን የሚያዙት በእሱ በኩል ነበር። በ1999 ያ ቦታ ተሰርዞ ሲቪል መከላከያ ሚኒስትር ተሾመ። ትልቅ እርምጃ ነበር። በጁን 2009 ግን ፕሬዚዳንት ማኑኤል ሴላያ የጦሩን የበላይ መኮንን ሲያባርሩ፣ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ ፍርድ ቤቱ መኮንኑን መለሰው፤ ጁን 28 ንጋት ላይ ወታደሮች ፕሬዚዳንቱን በሌሊት ልብሳቸው አውሮፕላን ላይ ጭነው ኮስታ ሪካ አደረሷቸው። ሚኒስቴሩ ሲቪል ነበር፤ ትእዛዙ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ኒካራጓም አለች፤ ቪዮሌታ ቻሞሮ በ1990 ሲመረጡ መከላከያ ሚኒስትርነቱን ራሳቸው ያዙና ጦሩን ለጊዜው ከእሳቸው በፊት ይገዛ ለነበረው ለሳንዲኒስታ ንቅናቄ አዛዥ ተዉት። ከ80,000 በላይ የነበረው ጦር በጥቂት ዓመታት ወደ 15,000 አካባቢ የወረደው በዚያ ስምምነት ነው።

ንግግሩ ሲያበቃ አንድ ወጣት አድማጭ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እዚህ ልጨምረው። "ጓቴማላ ለምን እንደ ኮስታ ሪካ ጦሩን አትበትንም?" አለኝ። ኮስታ ሪካ በዲሴምበር 1948 ጦሯን ሰረዘች፤ የ1949ኙ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 አጸናው፤ የቀድሞው የጦር ሰፈር ዛሬ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ይህን ማድረግ የቻሉት ሆሴ ፊጌሬስ ግን በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥቱን ጦር አሸንፈው የገቡ ሰው ናቸው። የተሸነፈን ጦር መበተን ይቻላል። የጓቴማላ ጦር ግን አልተሸነፈም። ወደ ሰላም ድርድሩ የገባው በጦር ሜዳ የበላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከጦሩ የሚገኘው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ፣ በክርክር የሚነጠቅ ነው።

ዛሬ ጓቴማላን የሚመሩት በርናርዶ አሬቫሎ የዚያ የ1945ቱ ፕሬዚዳንት ልጅ ናቸው። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የሲቪልና የወታደር ግንኙነትን ያጠኑ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነበሩ። ዓቃቤ ሕጎች የምርጫ ድላቸውን ለመቀልበስ ለወራት ሲታገሉ ጦሩ አልገባበትም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጃንዋሪ 15 ቀን 2024 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የሾሟቸው መከላከያ ሚኒስትር ግን ሕጉ እንደሚያስገድደው ጄኔራል ናቸው። ሕገ መንግሥቱን ለመቀየር የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በቅርብ የሚታዩ አይደሉም። ያው አንቀጽ 246 ራሱ ግን የመኮንኖችን የማዕረግ እድገት የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው ይላል። ማን ጄኔራል እንደሚሆን እሳቸው ይወስናሉ። በጀቱ በምክር ቤቱ በኩል ያልፋል። መዝገቡን ክፈቱ ብሎ ማዘዝም ለማንም ሕዝበ ውሳኔ አይጠይቅም።